ለእትዬ ያየሁት ፊልም

ቦንጋ የተመደብኩት አማርኛ ላስተምር ነው። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ ደብረ ማርቆስ አድጌ፣ አማርኛ ተምሬ አማርኛ ሳስተምር ቋንቋው የአባቴ ርስት ይመስለኝ ነበር። ተማሪዎቼን ማረም ሥራዬ ነው፤ እኔ ግን ባለሱቁንም፣ የቀበሌውን ጸሐፊም፣ ርዕሰ መምህሩን ሳይቀር አርም ነበር። ሰው «እሷ መጣ» ሲል ጥርሴን ያመኛል። ሰምቼ ማለፍ አልችልም። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ሰው እንዴት እንደቻለኝ ይገርመኛል፤ እኔ ብሆን አልችለኝም።

ከሁሉም በላይ የቻለችኝ አከራዬ ናት። እትዬ ነበር የምላት። ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳውን የተሻገረች፣ ወንድሟ ከማንኪራ የሚልክላትን ማር ገበያ እያወጣች የምትተዳደር ሴት ናት። ግቢዋ ከመናኸሪያው በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ ከኋላ ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዷን ተከራይቻት ነበር። እትዬ አፏን የፈታችው በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ነው። ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ታደርጋለች። እኔን ሴቲቱን «አንተ ቲቸር» ነበር የምትለኝ። የመጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስላት ደግሞ ተቆጣችኝ።

«እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ለምን ብዙ ታደርገኛለህ?» አለች።

«ታደርጊኛለሽ ነው የሚባለው» አልኳት።

«እሺ፣ ታደርጊኛለሽ» አለችና በማግስቱ ወደ «አንተ» ተመለሰች። በቀን አሥር ጊዜ አርማታለሁ፤ አሥር ጊዜ «እሺ» ትለኛለች፤ እንደዚሁ እንኖራለን።

አንድ ልጅ ብቻ ነበራት። አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣለትም፤ ለመከላከያ ተመዘገበ፤ ትንሽ ቆይቶ ከሰላም አስከባሪው ጋር ላይቤሪያ ሄደ። ከዚያ ሁለት ደብዳቤና አንድ ፎቶ ልኮ ነበር። ፎቶው ላይ ሰማያዊ ቆብ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ አንድ ረጅም ዛፍ ሥር ቆሟል። ደብዳቤዎቹን የማነብላት እኔ ነኝ። ከማንበቤ በፊት ስህተቱን በቀይ እስክሪብቶ ማረሜን እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። ይህም ሳያንሰኝ «ልጅሽ ሆሄ ይደባልቃል» ብያታለሁ። «እሱ ደህና ይሁን እንጂ ይደባልቅ» አለችኝ።

ከፋሲካ ወዲህ ግን ደብዳቤ ቀረ። እትዬ ስለሱ ብዙ አትናገርም። ብቻ ከፖስታ ቤት ስመለስ በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው የምታየው። እጄ ባዶ ሲሆን «ቡና አለ» ብላ ወደ ውስጥ ትገባለች። አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ እየሮጠች መጣች። እትዬ ሮጣ አይቻት አላውቅም። ነጠላዋ መሬት ለመሬት ይጎተታል።

«ቲቸር! የልጄ አገር በቪዲዮ መጥቷል!»

ነገሩ ወዲህ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ቪዲዮ ቤት የዕለቱን ፊልም በድምፅ ማጉያ ያስተዋውቃል። የሚለፍፈው ሰው «ላይቤሪያ! ጦርነት! እውነተኛ ታሪክ!» እያለ ሲጮህ የአገሩን ስም ሰምታለች። ታዲያ ሂጂና እዪው ብላት በጄ አላለችም።

«እኔ ከጎረምሳ ጋር ጨለማ ቤት አልቀመጥም። አንተ ሂድ፤ እይልኝ። ቤቱ ምን ይመስላል፣ ምን ይበላሉ፣ መንገዱ ጭቃ ነው ወይ። እሱን ብቻ።»

«ሂጂ፣ እዪልኝ» አልኳት።

«እሺ፤ ሂጂ፣ እዪልኝ!» አለችና በሩን አሳየችኝ።

ሄድኩ። ሴት የሚባል እኔ ብቻ ነበርኩ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለዋል፤ ሰዉ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ተቀምጧል፤ ከፊት ከተቀመጡት ግማሾቹ የእኔው ተማሪዎች ናቸው። ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፉ። እኔም አፍሬ ነበር፤ ግን ለሥራ እንደመጣ ሰው ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ፊልሙ ሲጀምር በእንግሊዝኛ አንድ ጽሑፍ ወጣ። አጠገቤ ያለው ልጅ «ምን ይላል ቲቸር?» አለኝ። «በእውነት የሆነ ነገር ነው ይላል» አልኩት። ቤቱ በሙሉ ሰማኝ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ዝናቡ የቦንጋ ዝናብ ነው፤ ጭቃውም የእኛው ጭቃ ነው። ለእትዬ የምነግራትን በልቤ ስይዝ ቆየሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ከጠመንጃቸው የማይረዝሙ ልጆች መንገድ ዘግተው ሰው ከአውቶቡስ ያወርዳሉ። ያወረዱትን ምን እንዳደረጉት አልጽፈውም። ካሜራው ዘወር አይልም። ይሄ ነው የገደለኝ፤ ሰው እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ካሜራው ግን አይጨፍንም። እኔ ጨፈንኩ። ስጨፍን ደግሞ ድምፁ ባሰ።

ከዚያ ሰማያዊ ቆብ ያደረገ አንድ ወታደር መጣ። ጥቁር፣ ቀጭን፣ ገና ጢም ያላበቀለ። ድልድይ ላይ ቆሞ ለልጆች ብስኩት ያድላል። ልቤ ዘለለ፤ «ይኸው!» ልል ምንም አልቀረኝ። ብስኩቱን አድሎ ሳይጨርስ ከወንዙ ማዶ ተኮሱበት። ወዲያው አልሞተም። ድልድዩ ላይ እየተሳበ ቆቡን ሲፈልግ ቆየ።

ከፊቴ ያሉት ጎረምሶች ሳቁ። አንዱማ አፏጨ። ብድግ ብዬ ጮህኩባቸው።

«ምን ያስቃችኋል? እናት የለችውም ይሄ ልጅ?»

«ቲቸር፣ ፊልም እኮ ነው» አለ አንዱ ፈራ ተባ እያለ።

«እውነተኛ ታሪክ ነው ይላል እኮ! ማንበብ አትችልም?»

ወጥቼ ሄድኩ። ውጭ ካፊያ ነበር፤ መናኸሪያው አጥር ላይ ተደግፌ ረጅም ሰዓት ቆየሁ። ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ልጁን ያስገደሉት የፊልሙ ባለቤቶች ናቸው ልበል? የሳቁት ልጆች? ወይስ እኔን ለማየት የላከችኝ ሴትዮ?

እትዬ በር ላይ ነበረች። ዛሬ ያየችው ፊቴን ነው።

«አየህ?»

«አየሁ።»

«እንዴት ነው አገሩ?»

«አረንጓዴ ነው እትዬ፤ እንደዚሁ ነው። ዝናብ አለ። መንገዱ ጭቃ ነው። ሙዝ አለ።»

«ሰማያዊ ቆብስ?»

«አለ። ለልጆች ብስኩት ያድላል።»

ሳቀች። «የኔ ልጅ ለሰው ማደል ይወዳል» አለች። ብስኩቱን የሚያድለው ልጇ አለመሆኑን ታውቃለች፤ ሞኝ አይደለችም። ግን ደስ አላት። እኔም ከዚያ ወዲያ ያለውን ዋጥኩት። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ግማሹን ነበር እንጂ።

እንግዲህ ያ ፊልም እኔ ጋ ቀረ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ድልድዩ ይመጣብኛል። ምሳ ስበላ ይመጣብኛል። ሳምንቱን ሙሉ በልቤ ያንን ወታደር ያለ ቆብ እያየሁት ነበር፤ ፊቱ ደግሞ ቀስ በቀስ በእትዬ ፎቶ ላይ ያለው ልጅ ፊት ሆነ። እንዲህ ሆኜ ነው ሐሙስ ዕለት ስልኩን ያነሳሁት።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሆኜ ስለ ክፍለ ጊዜ ድልድል ስጨቃጨቅ ነበር። ርዕሰ መምህራችን የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ አንድ ቃል ከማውጣታቸው በፊት ሁለት ጊዜ የሚያዩት ዓይነት። ስልኩ ጠራ፤ እኔ ቀረብ ስለምል አነሳሁት። መስመሩ ይንኮሻኮሻል። ከአዲስ አበባ ነው፤ የእትዬን ልጅ ስም ጠርቶ ጓዱ ነኝ አለ፤ ለእናቱ የሚደርስ ሌላ ስልክ ስለሌለ እዚህ ደወልኩ አለ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ትናንት… አርፏል። ሃሎ? ይሰማል? አርፏል! ለእናቱ ግን እንዳትነግሯት። እሁድ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። ከቤት እንዳትወጣ ብቻ አድርጉ።»

«ወይኔ!» ብዬ ጮህኩ። መስመሩ ተቋረጠ።

ርዕሰ መምህሩ ብድግ አሉ። «ምንድነው?»

«የእትዬ ልጅ» አልኩ። «አርፏል።»

ቃሉን እንደ ልማዳቸው ሁለት ጊዜ አዩት። ከዚያ «የት ነው ያረፈው?» አሉ።

እንዴት እንደነደደኝ! ሰው ሞቶ እሳቸው አማርኛ ይሰብሩብኛል።

«ጋሼ፣ አረፈ ሲባል የት አይባልም! ሞተ ማለት ነው! ጨዋ ሰው ሞተ አይልም፣ አረፈ ይላል!»

«እሱማ ገባኝ። ግን ‹አረፈ› ሌላም…»

«ሌላ የለውም!» አልኳቸው።

እንግዲህ ይህን ያልኩት የአማርኛ አስተማሪዋ ነኝ። መልሰን ለመደወል ብንሞክር መስመሩ ሞቷል፤ እስከ ሰኞም አልተመለሰም። ደግሞስ ምን ይጣራል? ሁሉም ነገር ልክ ነው። ለእናት እንዳትነግሩ፤ ይዤው እመጣለሁ፤ ጠዋት። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ አለ? ለእናት ድንገት አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ ይቆማል። ሰውየው አስከሬኑን ይዞ እስኪመጣ መርዶውን እኛ ማዘጋጀት አለብን። ለዕድሩ ዳኛ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁና «ድንኳኑን ጎረቤት ቤት እናስቀምጣለን» አሉ። በምስጢር ለአምስት ሰው ተባለ፤ አርብ ማታ ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ከእሷ በቀር።

እነዚያን ሦስት ቀናት እንዴት እንደገፋኋቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ማታ ከትምህርት ቤት ስገባ እትዬ ምድጃው ዳር ተቀምጣ የማሩን እንስራ ታጥባለች። ምግብ አልበላ አለኝ። እሷ ደግሞ ያመመኝ መሰላትና ሾርባ ሠርታ፣ ጋቢ አልብሳ፣ ግንባሬን ትዳስሳለች።

«ወባ ነው ቲቸር? ንገረኝ።»

«ራሴን ነው እትዬ። ይሻለኛል።»

ልጇ የሞተባት ሴት እኔን ታስታምማለች። ጋቢው ውስጥ ሆኜ እንባዬን ስውጥ አደርኩ። አርብ ዕለት ጎረቤቷ መጥታ «እሁድ ቤተ ክርስቲያን አትሂጂ፣ ውሃ ላስቀዳበት ባልዲሽን እፈልገዋለሁ» የሚል ቅጥ ያጣ ሰበብ ሰጠቻት። እትዬ ጎረቤቷን አየቻት፤ እኔን አየችኝ፤ «እሺ» አለች። ያቺ «እሺ» እንደ ሁልጊዜዋ «እሺ» አልነበረችም፤ ግን ያኔ አላስተዋልኩም። የማስተውለው ቢኖር ድልድዩን ብቻ ነበር። እየተሳበ ቆቡን የሚፈልግ ልጅ። አሁን የእሷ ልጅ ነው፤ ተረጋግጧል፤ እውነተኛ ታሪክ ነው ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ።

እሁድ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን በሯ ላይ ቆምን። ከተማው ጉም ለብሷል፤ ከሦስት እርምጃ በላይ አይታይም። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ ርዕሰ መምህሩም አሉ፤ ሴቶቹ ከአጥሩ ጥግ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። የእትዬ ቤት ውስጥ ብርሃን አለ፤ ድምፅ የለም። የዕድሩ ዳኛ «መኪናው ይምጣና አብረን እንገባለን» አሉ።

መኪናው መጣ። ጅማ አድሮ በሌሊት የተነሳ አይሱዙ ነው። ጭነቱ ሸራ ለብሷል። ያንን ሸራ ሳይ አጥሩን ያዝኩ። ሽማግሌዎቹ ከአንገታቸው ጎንበስ አሉ። ከሾፌሩ ጎን አንድ ወታደር ወረደ፤ ጓድየው መሆኑ ነው። በጉሙ ውስጥ እኛን ሲያይ ደንግጦ ቆመ።

ከዚያ ከኋላ ሸራው ተነሳና አንድ ሰው ሻንጣ በትከሻው አድርጎ ዘሎ ወረደ።

ማን እንደሆነ ሁላችንም አየን። እሱ ግን ያየው ሌላ ነው። በናቱ በር ላይ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌዎች፤ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ሻንጣው ከትከሻው ወደቀ።

«እናቴን!» ብሎ ጮኸ። «እናቴን! እናቴ! ሳልደርስላት!»

ጭቃው ላይ በጉልበቱ ወደቀ፤ ራሱን በሁለት እጁ መታ። እኛም እንደ ሞኝ ቆመን እናየዋለን! ርዕሰ መምህሩ ብቻ ሮጠው እጁን ያዙት፤ «ኧረ አለች! ኧረ ደህና ናት!» ይሉታል፣ እሱ አይሰማም። በሩ ተበርግዶ ተከፈተና እትዬ ወጣች።

ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ጥቁር ለብሳለች። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ መቀነቷ ሳይቀር ጥቁር። ማንም አልነገራትም። ለብሳ ተዘጋጅታ መርዶዋን ስትጠብቅ ነው ያደረችው።

ልጇ ጭቃው ላይ ሆኖ ቀና አለ። አያት፤ እሷም አየችው። ሁለቱም የሙት መንፈስ ያዩ ነው የሚመስሉት። ወደሱ ሄደች፤ አልሮጠችም። ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች፤ ጆሮውን ነካች፤ አፍንጫውን ነካች።

«እማ» አላት። «ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ልጄ» አለችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። እልልታው ከየት እንደተነሳ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ፤ የዕድሩ ዳኛ ቆባቸውን ወደ ላይ ወረወሩት። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ እንደተነሳልኝ ዓይነት ነገር ነው፤ አየር በደንብ ሲገባልኝ ተሰማኝ፤ ሳምንት ሙሉ እንዳልተነፈስኩ ያወቅኩት ያኔ ነው። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን እላለሁ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ጓድየው ግራ ተጋብቶ ከአንዱ አንዱ ጋ ይሄዳል። «እኔ እኮ ትናንት ቦሌ አርፏል ነው ያልኩት! እሱ ከካምፕ እስኪወጣ እኔ ልደውልለት ብዬ። ለእናቱ እንዳትነግሯት ያልኩትም ድንገት ገብቶ ሊያስደስታት ስለፈለገ ነው። ደግሞ ያነሱት ሴትዮ በደስታ እልል ሲሉ ሰምቻለሁ!»

«ቦሌ አላልክም!» አልኩት።

«ብያለሁ!»

መስመሩ የበላው ያችን አንዲት ቃል ነበር። ርዕሰ መምህሩ ወደኔ ዘወር አሉ። ሊሉኝ የሚችሉት ብዙ ነበር፤ መብታቸውም ነበር።

«ቲቸር» አሉ ቀስ ብለው፤ «እኔ እኮ ‹የት› ብዬ ጠይቄ ነበር።»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በዚያች ሰዓት ምላሴን የሚቆርጥ ቢገኝ አመሰግነው ነበር። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝና ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ደግሞ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ።

ዕድሩ ድንኳኑን መልሶ አልወሰደውም። «ከወጣ አይቀር ይተከል» ተባለና በደጃፏ ተተከለ፤ አግዳሚው ተደረደረ፤ ለለቅሶ የተዘጋጀው ቆጮና ንፍሮ ለደስታ ተበላ። ወንድሟ ከማንኪራ እያለቀሰ በእግሩ መጥቶ ስድስት ሰዓት ላይ ሲደርስ፣ የሚያለቅስለት ሰው አፉን በጎመን ሞልቶ ብድግ ብሎ ሳመው።

ልጁን አጠገቡ ተቀምጬ ጠየቅኩት። ፊልሙን ነገርኩት፤ መንገድ የሚዘጉትን ልጆች፣ ድልድዩን፣ ብስኩቱን። እሱ እዚያ የጠበቀው የውሃ ቦቴ ነው አለ። ዓመት ሙሉ ከቦቴ አጠገብ ቆሞ ሰው በወረፋ ሲቀዳ ማየት ነበር ሥራው። አንድ ጥይት አልተኮሰም፣ አልተተኮሰበትም። ደብዳቤ የተወው እናቱ ስህተቱን ሌላ ሰው እያረመ እንደሚያነብላት በጎረቤት ካስጻፈችለት ወዲህ ስላፈረ ነው። ይህን ሲናገር ወደኔ አላየም፤ እኔም የምገባበት ጠፋኝ።

«ግን ፊልሙ ውሸት ነው?» አልኩት።

ማኘኩን አቆመ። «አይደለም» አለ። «ያ ሁሉ የሆነው እኛ ሳንደርስ ነው። ውሃ የምትቀዳ አንዲት ሴትዮ ነበረች። ሁልጊዜ ሦስት ባልዲ ይዛ ትመጣና አንዱን ብቻ ሞልታ ትመለሳለች። ሁለቱ የልጆቿ ነበሩ።» ሳህኑን ወደ ጎን ገፋው። የእኛ ከመኪና ላይ ዘሎ ወረደ፤ የዚያች ሴትዮ አልወረዱም። ደስታዬ አልቀነሰም፤ መዋሸት አልፈልግም፤ ግን ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ስጮህ ያልኩት ነገር ትክክል እንደነበረ አወቅኩ። እናት ነበረችው ያ ልጅ።

ሰዉ ሲበተን እትዬን ምድጃው ዳር አገኘኋት። ጥቁሩን አውልቃ የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች።

«እትዬ፣ እንዴት አወቅሽ?»

«አንተ ነህ የነገርከኝ።»

«እኔ? ትንፍሽ አላልኩም እኮ!»

«ሦስት ቀን ሙሉ አማርኛዬን አላረምክም» አለችኝ። «‹እሷ መጣ› አልኩ፤ ዝም። ‹አንተ› አልኩ፤ ዝም። ቲቸር ዝም ካለ ልጄ ሞቷል አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

እንጨቱን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገች።

«ከጠየቅኩ ትነግረኛለህ» አለች። «ካልጠየቅኩ እስከ እሁድ ልጅ አለኝ።»

ተነስታ ከአልጋው ላይ ያንን ጥቁር ቀሚስ አንስታ ጭኔ ላይ ጣለችው። ጫፉ በጭቃ ተለውሷል፤ ልጇን ስታቅፍ ነው።

«አንተ ነህ ያለበስከኝ፤ አንተ እጠበው» አለችኝና ወደ ልጇ ወጣች።

ቧንቧው ጋ ይዤው ወረድኩ። ሳሙና መታሁት፤ ደጋግሜ አሸሁት፤ ጭቃው ወዲያው ለቀቀ። ከቤት ውስጥ የልጁ ሳቅ ይሰማ ነበር፤ ወፍራም፣ የሚያስነጥስ ዓይነት ሳቅ። ሦስት ቀን የቀበርኩትን ልጅ ሳቅ እየሰማሁ፣ እጄን ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ከትቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቀሚሱን ከዚያ በኋላ ጨምቄ ገመዱ ላይ አሰጣሁት።